አንገቱ ይገለጥ፣ ሥሩ ይልበስ፦ በመኖሪያ ግቢ የአቮካዶ ችግኝ አተካከልና አጎዛጎዝ

በግቢዬ የመጀመሪያውን የአቮካዶ ችግኝ የተከልሁት በሐምሌ ሲሆን፣ በጥቅምት መጨረሻ በአንድ እጄ ነቅዬ ጣልሁት። ጥማት አልገደለውም፤ ዝናቡም ሆነ እኔ የማጠጣው ውኃ አልጎደለበትም ነበር። ጉድጓዱን በጥልቀት አስቆፍሬ የታችኛውን ግማሽ ባልበሰለ ፍግ ሞልቼው ስለ ነበር፣ ፍጉ እየበሰበሰ ሲሟሽሽ ችግኙም አብሮ ወረደ። በዚያ ላይ ከእንጨት ሥራ ቤት ያመጣሁትን ሰጋቱራ እስከ ግንዱ ድረስ ከምሬበት ነበር። ስነቅለው የአንገቱ ልጣጭ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በጣቴ ተላጠ፤ ከጉድጓዱም የረግረግ ሽታ ወጣ።

አንገት የምለው ግንዱ ወደ ሥር የሚለወጥበትን፣ ከአፈሩ ገጽ ጋር የሚገናኘውን ቦታ ነው። ለጋ የፍራፍሬ ችግኝ ሥሩ ተሸፍኖ አንገቱ እንዲገለጥለት ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሥሩን ውኃ ውስጥ፣ አንገቱን ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርሁት። ከዚህ በታች የተጻፈው በወይና ደጋና እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍ ያለ አካባቢ፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለሚተከል አቮካዶ የሚሆን አሠራር ነው። ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና አፕል የሚተክል ሰውም በአብዛኛው ሊጠቀምበት ይችላል።

ችግኝ ሲመረጥ

ከፍሬው ዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሚፈልግ ሲሆን፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት፣ ግን በደንብ ከተያዘ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢበልጥም የተዳቀለውን መግዛት ይሻላል። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች በብዛት ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ፒንከርተን፣ ናባልና ቤከን ይጠቀሳሉ። ሃስ በገበያ ተፈላጊ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ለሚጎበኘው ግቢ ግን ብርድን የበለጠ የሚችሉት ፉዌርቴና ቤከን ይመረጣሉ። ሁለት ዛፍ የሚበቃ ቦታ ያለው ሰው አንዱን ሃስ፣ ሌላውን ፉዌርቴ ወይም ቤከን ቢያደርግ ይጠቀማል። ምክንያቱም የአቮካዶ አበባ በአንደኛው ቀን እንደ ሴት፣ በሌላው ቀን እንደ ወንድ ሆኖ ስለሚከፈትና የሁለቱ ወገኖች ሰዓት ተቃራኒ ስለሆነ፣ ንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሱት የአበባ ዱቄት በጊዜው ይገኛል።

ገዢው ዓይኑን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በቁመቱ ላይ ነው፤ ይህ ያሳስታል። ረጅም ሆኖ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ የቆየ ችግኝ ሥሩ ታች ደርሶ ተጠምዝዟል፤ እንዲህ የተጠመዘዘ ሥር ከተተከለ በኋላም ዙሪያውን መሽከርከሩን ስለሚቀጥል ዛፉ ለዓመታት እንደ ቀነጨረ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላስቲኩን ገልብጦ ታቹን ማየት ይገባል፤ ወፍራም ሥር በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ቆንጥጦ ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ የተዳቀለበት ቋጠሮ ሙሉ በሙሉ መግጠሙን፣ የታሰረበት ፕላስቲክ ግንዱን አለማነቁን ይመልከቱ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ከጎን ትንሽ አፈር ጫር አድርጎ ሥሩን ማየት ከሁሉ የበለጠ ያስተማምናል፦ ጤነኛ የአቮካዶ ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ሲሆን፣ የጠቆረና በጣት ሲነካ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሥር የሥር አበስብስ በሽታ ምልክት ነው። ይህ በሽታ ከችግኝ ጣቢያ በላስቲክ አፈር ተጭኖ ግቢ ከገባ በኋላ የሚወጣበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ከጣቢያ የመጣ ችግኝ ጥላ የለመደ ስለሆነ ወዲያው ፀሐይ ላይ አይተከልም። ከሰባት እስከ አሥር ቀን በከፊል ጥላ አቆይቶ፣ በየቀኑ የጠዋቱን ፀሐይ ትንሽ ትንሽ እያስለመዱ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ቦታውና ጉድጓዱ

አቮካዶ ትልቅ ዛፍ ነው። ከቤት መሠረትና ከአጥር ግንብ ቢያንስ አራት ሜትር፣ ከሌላ ትልቅ ዛፍ ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር፣ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከውኃ ቧንቧ መስመርም ራቅ ብሎ ይተከላል። ከባሕር ዛፍ አጠገብ መትከል ውኃውንም አፈሩንም ለባሕር ዛፉ አሳልፎ መስጠት ነው። የከሰዓቱ ኃይለኛ ንፋስ በቀጥታ የማያገኘው፣ ግን ፀሐይ የሚውልበት ቦታ ይመረጥ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ውኃ መስረጉን መፈተን ይቀድማል፤ በተለይ ውኃ በሚቋጥር ጥቁር ሸክላማ (መረሬ) አፈር ላይ ይህን የዘለለ ሰው እንደ እኔ ይከፍላል። በግንቦት አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና መሙላት፣ ከዚያም በማግሥቱ ማየት ነው። ሁለተኛው ውኃ ሌሊቱን ካለቀ ቦታው ደህና ነው። በማግሥቱም ውኃው ከቆየ እዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ገንቦ ውስጥ እንደ መትከል ስለሆነ፣ ከመሬቱ ገጽ በላይ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታና ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የአፈር ጉብታ ሠርቶ በእሱ ላይ መትከል ያስፈልጋል። ጉብታው ከሌላ ቦታ በመጣ ጥሩ አፈር ብቻ ሳይሆን፣ በዙሪያው ካለው የላይኛ አፈር ጋር ተደባልቆ ቢሠራ ይሻላል።

ስለ ጉድጓዱ መጠን በብዙ የግብርና ምክር የሚነገረው 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ በሰው እግርና በመኪና ጎማ የተጠቀጠቀ የከተማ ግቢ ያንን ያህል መለስለስ ይፈልጋል። ነገር ግን የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች አብዛኛዎቹ በላይኛው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚዘረጉ፣ ጉልበት የሚያንሰው ሰው ጥልቀቱን ቀንሶ ስፋቱን እስከ አንድ ሜትር ቢያሰፋ አይጎዳም፤ እንዲያውም እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሲቆፈር የላይኛው ጠቆር ያለ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል። የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ተልጎ እንደ ሸክላ ከለሰለሰ ሥር አልፎ መሄድ ስለሚቸግረው በዶማ ጫር ጫር ተደርጎ ይሻከር።

ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው በቅድሚያ የላይኛው አፈር ነው። በደንብ የበሰለ ብስባሽ ካለ አራት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ይቀላቀል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ትኩስ ፍግ፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ ዩሪያም ሆነ ሌላ የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ ጉድጓዱ ፈጽሞ አይገባም፤ ትኩስ ፍግና ዩሪያ ሥርን ያቃጥላሉ፤ የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ደግሞ ሲሟሽሽ ችግኙን ያሰምጠዋል። ጉድጓዱ ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢዘጋጅና ግማሹን በአፈር ተሞልቶ ቢቆይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ራሱ ስለሚጠቀጥቀው በኋላ አይወርድም።

የተከላው ቀን

ጊዜው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ውኃ በቧንቧ የሚያገኝ ሰው በበልግ ዝናብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቢተክልም ይሆናል። በቂ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ እስከ አንድ ክንድ መርጠቡን በሾለ እንጨት ወግቶ ማረጋገጥ፣ ነገር ግን ጭቃ በሆነበት ቀን አለመትከል ይገባል፤ ጭቃ ሆኖ የተረገጠ መረሬ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል።

ችግኙ በዋዜማው ምሽት ይጠጣ። በተከላው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ የሚከተለው ይከናወናል።

መጀመሪያ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ይጋደም፤ ይህ የመሬቱን ገጽ ያሳያል። ችግኙ ከነላስቲኩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲለካ፣ በላስቲኩ ውስጥ የነበረው የአፈር ገጽ ከዘንጉ ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ከሥሩ አፈር ተጨምሮ በእጅ ጠበቅ ይደረግ። አፈር ሁልጊዜ ይወርዳል፣ ተመልሶ ግን አይነሣም፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ የተተከለ ችግኝ ቆይቶ ልክ ይሆናል፣ ልክ ላይ የተተከለው ግን ይቀበራል።

ቀጥሎ ላስቲኩ ይወጣል። የአቮካዶ ሥር ከማንጎም ከብርቱካንም ይልቅ ተሰባሪ ስለሆነ ግንዱን ይዞ መጎተት አይገባም። የላስቲኩ ታች በምላጭ ዙሪያውን ተቆርጦ ይነሣል፤ የተጠመዘዘ ሥር ካለ እዚያው ይቆረጣል። ከዚያ ችግኙ በሁለት እጅ ታቹ ተደግፎ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ላስቲኩ በዝግታ ይወጣል። ችግኙን ከነላስቲኩ መቅበር በየመንገዱ ዳር በሚተከሉ ችግኞች የሚታይ ልማድ ነው፤ ችግኙን በሰንሰለት ከማሰር አይለይም።

አፈሩ እስከ ግማሽ ሲመለስ በእጅ ጠበቅ ይደረግ እንጂ በእግር አይረገጥ። ከዚያም አሥር ሊትር ያህል ውኃ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል፤ ውኃው በሥሩ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ ከእግር ይልቅ እሱ ያጠብቀዋል። ከሰረገ በኋላ የቀረው አፈር ይመለስና፣ ከግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን አነስ ያለ የአፈር ክትር ይሠራል። ውኃ በሚቋጥር ቦታ ላይ ግን በክረምት ክትሩ በአንድ ወገን ተከፍቶ ትርፉ እንዲወጣ ይደረግ።

ንፋስ ካለ ድጋፍ እንጨት ይተከላል፤ እንጨቱ ከሥሩ ጓል ውጪ፣ ንፋሱ በሚመጣበት ወገን ይሁን። ማሰሪያው ገመድ ሳይሆን ሰፋ ያለ አሮጌ ጨርቅ ሆኖ፣ በ8 ቁጥር ቅርጽ ላላ ብሎ ይታሰር፤ ግንዱ ትንሽ ሲወዛወዝ ይጠነክራል። የለጋ አቮካዶ ግንድ አረንጓዴና ስስ ስለሆነ በበጋ የከሰዓት ፀሐይ ይጠብሰዋል። ነጭ የውኃ ቀለም እኩል ውኃ ተቀላቅሎበት ግንዱን መቀባት፣ ወይም በስተ ምዕራብ በኩል በቅጠልና በዘንግ ጥላ መሥራት ይበቃል።

ጉዝጓዙ

የግብርና ባለሙያዎች የአፈር ልብስን «ጉዝጓዝ» ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ ለበዓል ወለል ላይ ከሚጎዘጎዘው ቄጤማ ጋር አንድ ቃል ነው። እንዲያውም በዓል ሲያልፍ ተጠርጎ የሚጣለው ቄጤማ፣ ፕላስቲክና ቆሻሻ ከተለቀመለት፣ ጥሩ የችግኝ ጉዝጓዝ ነው። ጊዜውም ይገጥማል፤ ወፍራሙ ጉዝጓዝ የሚለበሰው በመስከረም፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ነውና።

ለምን በመስከረም? ጉዝጓዝ ከሥሩ ያገኘውን ነገር ይጠብቃል። እርጥብ አፈር ላይ ከተደረገ እርጥበቱን ይይዛል፤ በጥር በደረቀ አፈር ላይ ከተደረገ ግን ድርቀቱን ነው የሚይዘው፤ ትንሽ ውኃ ቢጠጣም ጭዱ መጥጦ ያስቀረዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ፣ በተለይ መረሬ ላይ፣ ወፍራም ጉዝጓዝ ቀድሞውኑ ውኃ የጠገበውን አፈር አየር ያሳጣዋል። ስለዚህ በተከላው ዕለት የዝናብ ጠብታ አፈሩን እንዳይመታውና ጭቃ ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ስስ ሽፋን ብቻ ይደረግ፤ ዋናው ጉዝጓዝ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ውኃ በሚያሰርግ አሸዋማ ወይም ቀይ አፈር ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ማወፈር ይቻላል።

አቮካዶ ከሌሎች ዛፎች ይበልጥ ጉዝጓዝ የሚወድበት ምክንያት አለው። የተገኘበት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ወለሉ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ሲሆን፣ መጋቢ ሥሮቹም የሥር ፀጉር እምብዛም ስለሌላቸው ከአፈሩ ገጽ ሥር፣ በበሰበሰው ቅጠል ውስጥ እየተሳቡ ይመገባሉ። የተራቆተና በፀሐይ የጋለ አፈር እነዚህን ሥሮች ይገድላል። ከዚህም በላይ የሥር አበስብስ በሽታን የሚያመጣው ተሕዋስ የሕዋሱ ግድግዳ ሴሉሎስ (የእንጨትና የጭድ ዋና ቁስ) ያለበት በመሆኑ፣ እንጨትና ጭድ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ተሕዋስያን በጉዝጓዙ ውስጥ ሲበዙ የእሱንም ግድግዳ ይበሉታል።

ምን ይጎዝጎዝ? የስንዴና የገብስ ገለባ፣ ዘር ሳያፈራ የታጨደ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተከተፈ የሙዝና የእንሰት ቅጠል፣ የቡና ገለባ ሁሉም ይሆናሉ። የጤፍ ጭድ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት የሚፈለግ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞም ስስ ሆኖ ስለሚተኛ ቶሎ ይጣበቃል። ሰጋቱራን ብቻውን ወፍራም አድርጎ መጠቀም አልመክርም፤ ሲረጥብ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ውኃ ያንሸራትታል። ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ግን ይጠቅማል። ወደ አፈሩ ውስጥ ግን አይቀበር፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻውን አይሁን፤ የሌላ ተክል እድገት የሚገታ ነገር አለበት። የወጥ ቤት ትርፍራፊ አይጥ ስለሚጠራ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሂድ።

ሰርዶ በበዛበት ግቢ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከጉዝጓዙ በፊት አንድ ንብርብር ካርቶን ቢነጠፍ ሣሩን ያፍነዋል። ፕላስተሩና የሚያብረቀርቀው ሽፋን ይነሣ፤ ጫፍና ጫፉ ስንዝር ያህል ይደራረብ፤ በደንብም ይረጠብ። ሁለትና ሦስት ጊዜ መደራረብ ግን አየር ይከለክላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አረም ይነቀልና አፈሩ በደንብ ይጠጣል። አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ በአፈሩ ገጽ ላይ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ ይበተናል። ከዚያ ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ይጀምርና ወደ ውጪ ይዘረጋል፤ ውፍረቱ ስምንት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቅርጹ እንደ ማቶት ነው፦ መካከሉ ክፍት፣ ዳሩ ከፍ ያለ። ግንዱን ተጠግቶ የተከመረ ጉዝጓዝ ልጣጩን ሁልጊዜ ያረጥበዋል፤ ፈንገስ፣ ቀንድ አውጣና አይጥም መጠጊያ ያገኙበታል። በግማሽ ሜትር ሬዲየስ ለተለካ ክብ ወደ 65 ሊትር፣ ማለትም ከሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ የሚበልጥ ጉዝጓዝ ይበቃል፤ ሬዲየሱ ወደ አንድ ሜትር ሲሰፋ ግን 300 ሊትር ያህል ስለሚፈልግ፣ ቁሱ ከወዲሁ ቢጠራቀም ይሻላል። ጭድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ግማሹ ስለሚቀንስ በታኅሣሥና በየካቲት ይታከልበት።

ምስጥ ባለበት አካባቢ ደረቅ ጭድ ራሱ ግብዣ ነው። በዚያ ቦታ በግማሽ የበሰበሰ ቁስ ይመረጥ፤ ከግንዱ የሚተወውም ክፍተት ወደ ሁለት ስንዝር ይስፋ፤ በየሳምንቱም ጉዝጓዙ ገለጥ ተደርጎ ይታይ። የምስጥ የአፈር መንገድ በግንዱ ላይ ሲወጣ ከታየ ወዲያው መደምሰስና የዚያን ወር ጉዝጓዝ ማንሣት ነው። አመድ ከግንዱ ሥር መከመር የተለመደ ቢሆንም ለአቮካዶ አይሆንም፤ ጨውና የአፈር አልካላይነት (የአሲዳማነት ተቃራኒ) መጨመር አይወድምና። ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ ጉዝጓዙ በአንድ ጠዋት ሲበተን ያያል፤ ዙሪያውን በእሾህ ቅርንጫፍ ወይም በሽቦ መከለል ብቻ ነው መፍትሔው።

ውኃና ክትትል

ዝናብ ካቆመ በኋላ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አሥር ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ጉዝጓዙ ወፍራም ከሆነና አፈሩ መረሬ ከሆነ አንድ ጊዜም ሊበቃ ይችላል። የሚወስነው ግን የቀን ቁጥር አይደለም። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ማስገባት ነው፤ አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ይቆይ፣ ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ ይጠጣ። የረጠበ አፈር ላይ ቅጠሉ የጠወለገ ችግኝ ካለ ተጨማሪ ውኃ አይስጡት፤ ሥሩ ታሟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጉዝጓዙ ተነሥቶ፣ ክትሩ ተከፍቶ አፈሩ አየር ያግኝ።

በየወሩ አንገቱ ይታይ። ጎርፍ ወይም የሕፃናት ጨዋታ አፈር ገፍቶ ከሆነ፣ ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚዞርበት ቦታ እስኪታይ በእጅ ይጠረግ። ከተዳቀለበት ቋጠሮ በታች የሚወጣ ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ በጣት ይቀነጠስ፤ ከተተወ የተዳቀለውን ክፍል አሸንፎ የማይፈለገው ዝርያ ይነግሣል።

በሁለተኛው መስከረም የጉዝጓዙ ክብ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ይሰፋል፤ ከሥር ያለው አሮጌው አይነሣም፤ አዲሱ በላዩ ይጨመራል፤ በዚያ ጊዜ ነጫጭ ሥሮች በበሰበሰው ጭድ ውስጥ ተስበው ስለሚገኙ መኮትኮቻ ፈጽሞ አይግባበት። ድጋፍ እንጨቱም ግንዱ ያለ እሱ ቀጥ ብሎ መቆም ከቻለ ይነሣ። አንዳንድ የተዳቀለ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት ያብባል፤ አበባው ወይም ከእሱ የተቋጠረው ትንሽ ፍሬ እንዲቀር ልብ ቢመኝም፣ እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ መቀንጠስ ነው።